ሳል የጠፋበት ሰኞ

ማርያምን አልቀለድኩም። እናቴ የወንድሟን ሞት ስትረዳ ከአፏ የወጣው «መረጃውን ስላደረሱን ከልብ እናመሰግናለን» የሚል ነው።

በጠዋት ነው የመጡት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ። እነ እትዬ ፍሬሕይወት ከታች ፎቅ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ሲቆሙ ወዲያው ገባኝ። መርዶ እንደዛ ነው የሚመጣው፣ ማንም ምንም ሳይናገር ቤቱ ይቀዘቅዛል። እማ የሥራ ልብሷን ለብሳ ጨርሳለች። እትዬ ፍሬሕይወት «ሄራንዬ፣ እንግዲህ ጠንከር በይ፣ ኢዮስያስ…» ስትላት እማ አፏን ከፈተች። ደረቷ ሲነሳ አይቻለሁ። የአንገቷ ጅማት ሲወጠር አይቻለሁ። ጩኸት ነበር እኮ! የፎቁን መስታወት በሙሉ የሚያረግፍ ጩኸት ነበር! የወጣው ግን ያ የማስታወቂያ ሴትዮ የሚመስል ድምፅ ነው፣ ረጋ ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ «መረጃውን ስላደረሱን…»

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። አንዷ «ውይ በሞትኩት» አለች። እኔ ትራስ ወረወርኩ። ማን ላይ እንደወረወርኩ አላውቅም፣ ብቻ ወረወርኩ።

ማለስለሻው ነዋ! እሱ ነው እንደዛ ያደረጋት። እኔ ሳልወለድ በፊት የሐመልማል ከተማ ሰው በሙሉ «የአስተዳደሩ ሠራተኛ ያመናጭቀናል» እያለ ያማርር ነበር አሉ። ተሰልፈህ ተሰልፈህ መስኮቱ ጋ ስትደርስ «ነገ ና!» ይሉሃል፣ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩህ። እና የአስተዳደሩ አይቲ ድጋፍ ክፍል መላ አመጣ፣ ምስር የምታክል፣ የምትናገረውን ሁሉ ወደ ትህትና የምትቀይር ነገር ጉሮሮ ላይ መትከል። አሁን «ነገ ና» የሚል የለም። አሁን «ነገ ቢመለሱልን ደስታችን ወደር የለውም» ነው። መስኮቱ ያው፣ ሰልፉ ያው፣ ነገውም ያው ነገ! ግን ቅሬታ ቀነሰ ብለው ኬክ ቆረሱ።

መጀመሪያ ማታ ማታ ይወልቅ ነበር። በኋላ «ሠራተኛ እቤቱም ሆኖ ስልክ ያነሳል» ተባለና ቀረ። አሁን ለማስወለቅ አይቲ ጋ ትኬት ይከፈታል፣ ትኬቱ ተራ ይጠብቃል፣ ተራው ደግሞ… ተዉት። እኔ እናቴ ስትቆጣ ሰምቼ አላውቅም። ሒሳብ ወድቄ ስመጣ «ለቀጣዩ ውጤትዎ መልካም ምኞታችንን እንገልጻለን» ነው የምትለኝ፣ ዓይኗ ግን እየገረፈኝ። ጓደኞቼ «ታድለሽ ያኔት!» ይሉኛል። ምኑን ነው የታደልኩት? እናቴን በዓይኗ ነው የማነባት፣ ልክ መስማት እንደተሳነው ሰው።

ኢዮሲ ደግሞ፣ አጎቴ፣ የእማ ታናሽ። አዝላ ነው ያሳደገችው፣ እሱም ይኼን ለማንም አይደብቅም፤ «ጀርባዋ ላይ የኔ ቅርጽ አለ» ብሎ በእጁ እያሳየ ይስቃል። ወንዙ ዳር፣ የጎርፍ ፓምፕ ቁጥር ሁለት ላይ ነበር የሚሠራው። ሲያየኝ «መጣች ቀበጧ!» ነው የሚለኝ፣ እሱም ከአፉ «እንኳን ደህና መጡ» ሆኖ ይወጣል፣ ግን ፊቱ ላይ «መጣች ቀበጧ» ተጽፏል። አስተዳደሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው።

እማ የምትሠራው ጥገና ጥሪ መቀበያ ነው። አንዱ ቧንቧ ፈነዳ፣ አንዱ ሊፍት ውስጥ ተቆልፎበታል፣ አንዱ ገመድ ተቃጠለ ብሎ ይደውላል፣ እሷ «አስቸኳይ» ወይ «ሲመች» ብላ ትመድባለች። ግን ደዋዩም የአስተዳደሩ ሠራተኛ ነውና ማለስለሻ አለው! ሰውየው እሳት ውስጥ ቆሞ ቢደውል እንኳን የሚሰማው «ትንሽ ሞቅ ብሎናል፣ ቢያዩልን ደስ ይለናል» ነው። ታዲያ በምን ይለያል?

በሳል!

ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ማለስለሻው የሚያውቀው ቃል እንጂ ሳል አልነበረም። አንዴ ካሳልክ «እየቀለድኩ አይደለም» ነው። ሁለቴ ካሳልክ «ቶሎ በሉ»። ደጋግመህ ካሳልክ «ልንሞት ነው»። በአስተዳደሩ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ሁሉ ያውቁታል፣ አለቆቹ ብቻ አያውቁትም፣ እነሱ አየር ማቀዝቀዣው አቧራ አለው ብለው ሦስቴ አስጠርገውታል። ኪኪኪ። ይቅርታ፣ ዛሬ መሳቅ አልነበረብኝም።

ሰኞ ማታ ዝናቡ ሲጀምር «እማ፣ ኢዮሲስ?» አልኳት። ተዳፋቱን ስለማውቀው ነው፣ ከዘነበ ወንዙ ወደነሱ ነው የሚመጣው። እማ ስልክ እንደደወለ በእጇ አሳየችኝ። ከዛ ጉሮሮዋን ነካ አደረገችና ጣቷን አወዛወዘች። አላሳለም ማለት ነው። ደህና ነው ማለት ነው። ተኛን። ሁለታችንም ለጥ ብለን ተኛን።

ማክሰኞ ጠዋት እነ እትዬ ፍሬሕይወት መጡ።

ቀብሩ የዛኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። እማ የዳቦ ከረጢት ቀድዳ በእስክሪብቶ ጻፈች፤ «ወንድሜን በራሴ ድምፅ ነው የምቀብረው። ያውልቁልኝ።» እስክሪብቶው ከረጢቱን በስቶ ጠረጴዛው ላይ ሁሉ ጽፏል። አብሬያት ወጣሁ። ትምህርት ቤት? ገደል ይግባ ትምህርት ቤት!

የአይቲ ድጋፍ ማዕከሉን አይታችሁታል? በናታችሁ፣ ሆቴል ነው የሚመስለው። ሶፋ አለ፣ ግድግዳው ላይ ዓሣ ይዋኛል። አጠገባችን የተቀመጠው የመናፈሻ ጥበቃ ጉንጩ አብጦ ዳቦ አክሏል፣ ጥርሱን ነው መሰለኝ፣ በሁለት እጁ ይዞት «እጅግ በጣም ደህና ነኝ፣ እጅግ በጣም ደህና ነኝ» ይላል፣ እንባው እየወረደ። ማንም አላየውም። ሁሉም ፈገግ ብሎ ተራውን ይጠብቃል።

ተራችን ሲደርስ ማርኮን የሚባል ልጅ ነው ያስተናገደን፣ ደረቱ ላይ ስሙ አለ። ከኔ ብዙም አይበልጥም። እሱም ጉሮሮው ላይ ምስሯ አለችው።

«እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ ሄራን። ዛሬ በምን እንደግፍዎ?»

እማ ከረጢቱን አስቀመጠችና ተናገረች። ከንፈሯ «አውልቁልኝ» ሲል አይቻለሁ። የወጣው «በድጋፋችሁ ረክቻለሁ፣ ትንሽ ማስተካከያ ቢታከልበት ደስ ይለኛል» ነው።

«አላለችም!» ብዬ ተነሳሁ። «አውልቁልኝ ነው ያለችው! ጽፋልሃለች አይደል? ወንድሟ ሞቷል፣ ቀብር አለብን፣ ማልቀስ አለባት!»

«ጥያቄሽ ለኛ ትልቅ ዋጋ አለው እህቴ።»

«እህትህ አይደለሁም! አውልቅላት!»

«ትኬት ከፍቼላቸዋለሁ። በተራው እናስተናግዳለን።»

«ቀብሩ እኮ ዛሬ ነው!»

«ለቀብሩ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን።»

ማርያምን! ለቀብሩ መልካሙን ሁሉ! ጠረጴዛውን በቦርሳዬ ነረትኩት። እሱ ግን ፈገግ እንዳለ አንድ ነገር ነካካና «እስከዚያው የሐዘን ቅንብር አብርቼላቸዋለሁ፣ እስኪ ይሞክሩት» አለ። እማ ሞከረች። ድምፁ ወፈር፣ ዝግ ብሎ፣ ከኋላው ክራር የመሰለ ነገር ሁሉ እያሰማ፣ «በጥልቅ ሐዘን ውስጥ ሆነን፣ ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

እማ አፏን በመዳፏ ያዘችው። እንዲህ ጨምቃ፣ ጥፍሯ ጉንጯ ላይ እስኪቀር።

«ሰው አይደለህም አንተ?» አልኩት። «እናት የለህም?»

ዓይኑን ሰበረ። አፉ ግን ቀጠለ፣ ያ አፍ ማቆም አያውቅም። «ድጋፋችን በየጊዜው እየተሻሻለ ነው። ትናንት ጠዋት የጫንነው ማሻሻያ ለምሳሌ ሳልን ሙሉ በሙሉ አጥፍቷል። ሠራተኞቻችን በጥሪ መሃል ሳል እያስቸገራቸው ስለነበር ነው። ከእንግዲህ ጉንፋን ቢይዝዎ እንኳን ባለጉዳይ አይሰማም።»

መጀመሪያ እኔ አልገባኝም። እማ ገብቷታል። እጇ ከአፏ ላይ ወረደ። ቀስ ብላ ጉሮሮዋን ነካች፣ ልክ ሰኞ ማታ እንደነካችው፣ ግን ጣቷን አላወዛወዘችም።

«ትናንት?» አልኩት። «ትናንት ጠዋት ነው ያልከው?»

«ትናንት ጠዋት፣ ለሁሉም ሠራተኛ፣ በአንድ ጊዜ።»

ኢዮሲ የደወለው ከሰዓት ነው።

«ጥሪውን አሰማን» አልኩት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። «ኢዮስያስ ከፓምፕ ቁጥር ሁለት ለእናቴ የደወለውን።»

«ሠራተኛ የሥራ ጥሪዎችን መልሶ መስማት መብቱ ነው» አለ ማርኮን። «ከመለስለሱ በፊት ያለውን ነው፣ በኋላ ያለውን?»

በፊት! በፊት ያለው አለ! አስቀምጠውታል! ሰው ሁሉ የሚጮኸውን ጩኸት አንድ ቦታ ደርድረው አስቀምጠውታል፣ «ለጥራት» ብለው!

ነካው።

ውሃ ነው መጀመሪያ የሚሰማው። ከዛ ኢዮሲ፣ የራሱ የኢዮሲ ድምፅ፣ ሰምቼው የማላውቀው፣ ጎርነን ያለ፣ የእማን የሚመስል። «ሄሩዬ! የመዝጊያው በር ተሰንጥቋል! እግዜርን፣ ዛሬ ከዘነበ አይችልም፣ ሰው ላኪ!» ከዛ ሳለ። ሳለ፣ ሳለ፣ እንደሚያስታውከው ሰው ሳለ። «ሰማሽ አይደል? እያሳልኩልሽ ነው። ሰማሽ አይደል ሄሩዬ?»

ከዛ የእማ የማስታወቂያ ድምፅ፤ «ስለደወሉልን ደስ ብሎናል። ሲመቸን ብቅ እንላለን።»

ከሷ ሁሌም የሚሰማው እንደዛ ነዋ! ኢዮሲ በምን ይወቅ? ስልኩን ሳይዘጋው ከጎኑ ላለው ሰው ሲናገር ይሰማል፤ «በቃ ሰምታናለች። እህቴ እኮ ናት። ሰው ትልካለች፣ የትም እንዳትሄድ፣ እንጠብቅ።»

እንጠብቅ አለ። በዝናቡ፣ የተሰነጠቀው በር ሥር፣ እህቴ ሰው ትልካለች ብሎ ጠበቀ።

ማርኮን ስክሪኑን አጠፋ። ፊቱ አመድ ሆኗል። አፉን ከፈተና «በአገልግሎታችን ስለተደሰታችሁ ደስ ብሎናል» አለ፣ እንባው አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ። ከዛ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ነዘረ። ደግሞ ነዘረ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። ምንም ድምፅ የለም። የታመመ መስሎኝ ነበር። እያሳለ ነው ለካ።

እማ ክንዴን ይዛ ሽንት ቤት አስገባችኝና በሩን ቀረቀረችው። ቦርሳዬን ከፈተች። የቅንድብ ወረንጦዬን አወጣች። መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈችብኝ።

«እማ፣ ያባርሩሻል» አልኳት። እንዴት አላውቅ፣ በየኮሪደሩ ተለጥፏል፣ ድጋፉን በራሱ እጅ ያቋረጠ ሠራተኛ የሥራ ውሉን እንዳቋረጠ ይቆጠራል። «ቤቱስ? ቤቱ እኮ የአስተዳደሩ ነው። የት እንገባለን?»

እማ አገጯን ቀና አደረገች። መታጠቢያውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

ደም ማየት አልችልም እኔ፣ መርፌ ሳይ እንኳን ነው የምወድቀው። ግን ጎተትኩት። ምስሯ ብቻ መስላኝ ነበር፣ ሥር አለው! ፀጉር የመሰለ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስጎትተው የሚመጣ የሚመጣ የማያልቅ። እማ አልጮኸችም። ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ያዘች። ሲያልቅ ምስሯ ወረንጦዬ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ራሷን ችላ፣ ቀጭን ድምፅ እያወጣች፣ «እናመሰግናለን፣ እናመሰግናለን፣ እናመሰግ…» ስትል ሽንት ቤቱ ውስጥ ከትቼ ውሃ ለቀቅኩባት። እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ አልኩ ለራሴ!

መንገዱን በሙሉ እማ ቃል አልተናገረችም። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ደሙን ይዛዋለች። እኔም አልጠየቅኳትም። ለኢዮሲ እያጠራቀመችለት ነው ብዬ ነው፤ የስንት ዓመት ድምፅ እኮ ነው፣ በአንዴ ሲወጣ መቃብሩን ይሰነጥቀዋል ብዬ አሰብኩ። ደስ ሁሉ ብሎኝ ነበር። ይግባችሁ፣ ወደ አጎቴ ቀብር እየሄድኩ ደስ ብሎኝ ነበር!

ቀብር ቦታው ሞልቷል። የሰፈር ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። የሥራ ባልደረቦቹ ግን፣ የፓምፕ ቤት ሠራተኞቹ በሙሉ፣ ጠራጊዎቹ፣ ሹፌሮቹ፣ ዓይናቸው በርበሬ መስሎ ቆመው «መልካም ቀን ይሁንልዎ… ደግመው ይምጡ… በማገልገላችን ኩራት ይሰማናል…» ይላሉ። እንደ ንብ ነው የሚያጉተመትሙት። አንዱ ትልቅ ሰውዬ፣ ከኢዮሲ ጋር ዓመታት የሠራ፣ ሣጥኑ ላይ ተደፍቶ «አስተያየት ካለዎት በደስታ እንቀበላለን» እያለ ጭንቅላቱን ከእንጨቱ ጋር ያጋጨዋል። ሌላ ሰው ይዞ አነሳው፣ «እናመሰግናለን» እያለ።

ከዛ ኢንጂነር ቃልአብ የሚባለው፣ የአገልግሎት ዘርፍ ምክትል ኃላፊው፣ ወደ መቃብሩ ጫፍ ቀረበ። ኃላፊዎች ማለስለሻ የላቸውም፣ ጉሮሮው ላይ የለም፣ አይቻለሁ። እሱ በራሱ አፍ ነው የሚዋሸው።

«ወንድማችን ኢዮስያስ» አለ፣ «እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከሥራ ገበታው ያልተለየ ጀግና ነበር። መሸሽ ሲችል አልሸሸም። ለምን? ሥራውን ስለሚወድ! ይኸው ትናንት እንኳን ያደረገውን ጥሪ አዳምጠናል፣ አንድም ስጋት የለበትም፣ በፍጹም እርጋታ…»

«ውሸት!» ልል ነበር፣ እማ ክንዴን ጨመቀችው። የሷ ተራ ነው። ተውኩላት።

ወደ ፊት ወጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ፈታችው፣ ቁስሉ ታየ፣ ባልደረቦቿ አዩት፣ ያ ንብ የመሰለ ማጉተምተም ጸጥ አለ። ሴቶቹም ደረታቸውን መምታት አቆሙ። እማ ኢዮሲን አየችው፣ ሣጥኑን። ኃላፊውን አየችው። ደረቷ ተነሳ። አፏን ከፈተች።

«ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን» አለች።

በራሷ ድምፅ። በሻከረ፣ በጎረነነ፣ የኢዮሲን በሚመስል በራሷ ድምፅ! ጉሮሮዋ ላይ ምንም የለም፣ እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ እኔ ነኝ ውሃ የለቀቅኩበት! ደንግጣ አንገቷን ዳሰሰች። እንደገና ሞከረች፣ ፊቷ ቀልቶ። «ስለ… በቅርቡ… በቅርቡ እንደምናገለግልዎ…» ሌላ የለም። ብትቆፍር ብትቆፍር ሌላ ቃል የለም። ወስደውታል። ምስሯን ተዉት፣ ምስሯ ምን አባቷ፣ እነሱ እናቴን ነው የወሰዱት!

ኢንጂነር ቃልአብ ፈገግ አለ። «እኛም እናመሰግናለን እህታችን» አለ። እጁን ዘረጋላት።

ከዛ በኋላ እኔ አልተነሳሁም፣ የሆነ ነገር ነው ያነሳኝ።

«አሳለ!» ብዬ ጮህኩ። «ሰምተሃል አንተ? አሳለ! አልረጋም፣ አልወደደም፣ ጀግናም አልነበረም፣ ፈርቶ ነበር! በሩ ተሰንጥቋል ብሎ ጮኸላችሁ! ጩኸቱን ወሰዳችሁ፣ በሳል ነገራችሁ፣ ሳሉን ወሰዳችሁ! ከዚህ በኋላ ምን ልትወስዱ ነው የቀራችሁ? ሰው ይመጣል ብሎ ነው ያልሸሸው፣ አንተ ቆሻሻ! ጥሪው እናንተ ጋ አለ፣ ሰምቼዋለሁ፣ ከመለስለሱ በፊት ያለውን፣ ሁላችሁም ሂዱና አሰሙን በሉ፣ መብታችሁ ነው!»

«ይቺን ልጅ ያዟት» አለ ኢንጂነር ቃልአብ። «ሐዘን ነው፣ ያዟት።»

ፓምፕ ቤቶቹን ነው ያዘዘው። አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ያ ሣጥኑ ላይ ተደፍቶ የነበረው ሰውዬ ፊት ለፊቴ መጣና ቆመ፣ ጀርባውን ለኔ ሰጥቶ፣ ፊቱን ለኃላፊው። ከዛ ሌላው። ከዛ ሌላው። ትከሻቸው ሲነዝር ከኋላ አየሁት፣ የሁሉም፣ በአንድ ላይ፣ ያለ ድምፅ።

ትንፋሽ አጠረኝ። ዝም ልል ነበር።

እማ እጄን ያዘችው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ሲታገል፣ ሲታገል፣ «እና… እናመ…» ሲል ሰማሁት፣ ጥርሷን ነክሳ ስትውጠው ሰማሁት። ከዛ አንዲት ቃል፣ ከየት ቆፍራ እንዳመጣቻት እንጃ፣ ደም የሸተተች።

«ጨምሪ» አለችኝ።

ጨመርኩ።